ለጋሽ ተሰማ ሽጉጥ ጥይት ስንመርጥ

ባለፈው ሳምንት ካስትሮ ቫሊ ካለው የአረጋውያን መኖሪያ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው ነርስ ናት። መጀመሪያ «ሚስተር ተሰማ ደህና ናቸው፣ አይደንግጡ» ብላ ልቤን መለሰችልኝና ግራ የገባትን ነገር አስከተለች። ጋሽ ተሰማ በየማለዳው፣ ገና ቁርስ ሳይቀርብላቸው፣ ከአልጋቸው አጠገብ ያለውን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ። ምንም ድምፅ ሲያጡ እንደገና ሦስት ጊዜ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት አሮጊት እንቅልፍ አጣሁ ብለው ከሰዋቸዋል። «ኢመርጀንሲ ኮንታክታቸው እርስዎ ስለሆኑ ነው የደወልኩት፤ ምን ፈልገው እንደሆነ ያውቁ ይሆን?» አለችኝ። አውቃለሁ እንጂ! እሳቸው የሚያንኳኩት ያኔ ኦክላንድ፣ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ የነበረውን የሱቃችንን ግድግዳ ነው። የሚጠብቁት መልስ ደግሞ የባለቤቴን የጽጌን ነው፤ ጽጌ ካረፈች ሦስት ዓመቷ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ምሕረት ከኤል ሴሪቶ መጥታ ወሰደችኝ። አስተማሪ ናት፣ አርባን ረግጣለች፣ አማርኛ አንድም ቃል አያመልጣትም፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ «ስለ ጋሽ ተሰማ ሽጉጥ ነግሬሽ አላውቅም» አልኳት። «ሂ ሃድ ኤ ገን?» ብላ ዞራ አፈጠጠችብኝ። እሷ የምታውቃቸው ለልደቷ መጽሐፍ በወረቀት ጠቅልለው የሚያመጡ፣ ሰላም ሲሏት ኮፍያቸውን የሚያነሱ ሽማግሌ አድርጋ ነው። እንግዲህ አርባ ዓመት የቋጠርኩትን ፈታሁት። እዚህ የምጽፈውም ያንኑ ነው፣ መንገድ ላይ ያልደረስኩበትንም ጨምሬ፤ አንዴ ከተነሳብኝ ማን ያስቆመኛል!

አይ ያ ዘመን! ቤንዚን ጋሎኑ አንድ ዶላር ከምናምን የነበረ ጊዜ ነው። ስልክ ለመደወል መንገድ ዳር ካለው የመስተዋት ዳስ ገብተህ ሁለት አሥር ሳንቲም ትጨምራለህ፤ ከስሩ በሰንሰለት የታሰረ፣ ትራስ የሚያክል የስልክ ማውጫ አለ፤ ግማሽ ገጹ ሁልጊዜ የተቀደደ ነው። ሳን ፓብሎ ጥግ ላይ ጎረምሶች ካርቶን አንጥፈው በጭንቅላታቸው ይሽከረከራሉ፣ ቴፓቸው የኛን ቴሌቪዥን ያክላል፣ ከበሮው ሲመታ የሱቃችን መስኮት ይንቀጠቀጣል። እኔ ከአሮጌ ልብስ መደብር በአራት ዶላር የገዛሁት ሰማያዊ ከፋይ ጃኬት ነበረኝ፤ ትከሻው ሰፊ ስለነበር ከጎኔ ሰው የቆመ ይመስላል። ከሱዳን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ጽጌን ያገባሁት በዚያ ጃኬት ነው። ፎቶውን ምሕረት ስልኳ ላይ አስቀምጣ ለጓደኞቿ እያሳየች ትስቃለች። ትሳቅ! ያኔ ግን ጃኬቱን ለብሼ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስቆም ሹፌሩ እንኳ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ጋሽ ተሰማ የሱቁ ባለቤት ነበሩ፣ እኔ ደግሞ ቀን ቀን የምሠራላቸው። እሳቸው በንጉሡ ጊዜ ግብርና ሊያጠኑ በስኮላርሺፕ የመጡ፣ አገር ቤት ነገሩ ሲቀያየር እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ገና አርባ አምስት ቢሆኑም ከኛ ከስደተኞቹ ጋር ሲነጻጸሩ ሽማግሌያችን ነበሩ። ቡና ዓይነት ረጅም ካፖርት በጋ ከክረምት አይለያቸውም። ቢራ፣ ዳቦ፣ ሲጋራ፣ የሎተሪ ቲኬት እየሸጡ እንግሊዝኛቸው እንደ ፓርላማ ንግግር ነው፤ «ሰር፣ ዊል ዜር ቢ ኤኒቲንግ ኤልስ?» ሲሉ ሰካራሙ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔና ጽጌ የምንኖረው ከሱቁ በስተኋላ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሱቁንና ክፍላችንን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነበር። በሱቁ በኩል ጥጉ ላይ የለስላሳው ፍሪጅ ስላለ ሞተሩ ግድግዳውን ሌት ተቀን ያሞቀዋል። አልጋችንን ከዚያ ሙቀት አስጠግተን ነበር የምንተኛው፤ የዚያ ሰፈር ጉም አጥንት ድረስ ይገባልና።

ምሕረት ስትወለድ ታዲያ የጋሽ ተሰማ ባለቤት እትዬ አስካለ ክፍላችንን ተረከቡት። ሰማንያ ቀን፣ እስከ ክርስትናዋ፣ አራሷ ብርድ አይንካት፣ ከአልጋዋ አትራቅ፣ ወንድ ዘው ብሎ አይግባባት ተባለ። ሴቶቹ አጥሚቱን በወተት ጋሎን እየሞሉ፣ ገንፎውን በፎይል ጠቅልለው ከሩቅ ሰፈር ድረስ ይመጣሉ። እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ጋሽ ተሰማማ ይሉኝታቸው ልክ የለውም፣ በሩ ጋ ቆመው መጠየቅ እንኳ ያፍራሉ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ጠዋት ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ «ደህና አደርሽ ወይ?» ማለት ነው። ጽጌ ከአልጋዋ ሆና ሁለት ጊዜ ትመልሳለች፤ «እግዜር ይመስገን» ማለት ነው። ሁለቱን ካልሰሙ ሱቁ አይከፈትም። የዳቦው ሹፌር ውጭ ቆሞ ጥሩምባ እየነፋ እንኳ አይከፈትም!

በዚያው ሰሞን ዘረፋ በረታ። ከኛ ዝቅ ብሎ ሱቅ የነበረውን የመናዊ ጎረቤታችንን ደብድበው ሆስፒታል አስገቡት። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደኛም መጡ፤ ቢላ የያዘ ሰው የጋሽ ተሰማን መሳቢያ አራግፎ ሲወጣ በጥፊ መታቸው። ገንዘቡን ረሱት፣ ጥፊውን ግን አልረሱትም። ሳምንት ሙሉ ጉንጫቸውን እየዳበሱ ሲያስቡ ሰነበቱና «ደረጀ፣ ሽጉጥ እገዛለሁ» አሉኝ። ውጭ ይዞ ለመሄድ ፈቃድ ማግኘት የማይታሰብ ነበር፣ በገዛ ሱቅህ ውስጥ ግን ከኮትህ ስር መታጠቅ ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሽጉጥ ይገዛል ሲባል እንዴት ደስ አይለኝ!

የአገር ሰው እንዳያየን ብለው እስከ ሳን ሆዜ ወሰዱኝ። በዚያች ጭስ በምትተፋ ኮሮላቸው፣ የአገራችንን ካሴት ከፍ አድርገን፣ ግራና ቀኙን አዳዲስ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ፣ በመሀል በመሀሉ ደግሞ ገና ያልተቆረጡ የአፕሪኮት ዛፎች እያየን። የጠመንጃ መሸጫው ባለቤት ሬይ የሚባል፣ ሱሪውን በማንጠልጠያ የያዘ፣ ቀይ ፊት ሽማግሌ ነው። ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር መረጡ፣ ፎርሙን ሞሉ፤ መንግሥት እስኪያጣራ አሥራ አምስት ቀን ጠብቁ ተባልን። ጥይቱ ግን መጠበቅ የለበትም። ጨዋታው የተጀመረው እዚያ ላይ ነው!

ሬይ ሁለት ዓይነት ፍሬ ባንኮኒው ላይ አቆመ። አንደኛው አፉ ድብልብል ያለ፣ አረሩ መዳብ የለበሰ፣ የሚያብረቀርቅ። ሌላው አፉ ላይ ጉድጓድ ያለው፣ ሆሎ ፖይንት የሚሉት። ጋሽ ተሰማ ከሳጥኑ አንድ በአንድ እያነሱ ጆሯቸው ስር ነቅነቅ ያደርጋሉ። ሬይ ዓይኑ ፈጠጠ። «ምን እያደረጉ ነው?» አለ። «ባሩዱ ደረቅ መሆኑን እያዳመጥኩ ነው» አሉት በዚያ በተከበረ እንግሊዝኛቸው። ጥይት በፍሬ በሚሸጥበት አገር ነው ያደጉት፤ አባታቸው ገበያ ሲወጡ እያንዳንዷን ሳያዳምጡ አይገዙም ነበር። ሬይ ሳቀና፣ እሱም አንዷን አንስቶ ጆሮው ስር ነቀነቃት።

«ባለ ጉድጓዱን ውሰዱ» አለ ሬይ። «ሰውነት ሲነካ ይከፈትና እዚያው ይቆማል።»

«የሚቆም ጥይት ምን ያደርጋል? አባቴ ምንሽር የተሸከሙ ሰው ናቸው። ጥይት ማለት በስቶ የሚያልፍ ነው። ይሄማ አፉን የከፈተ ሞኝ ነው!»

«ሚስተር ተሰማ፣ አልፎ የት ይሄዳል? ዋናው ጥያቄ እኮ እሱ ነው። ከሌባው በስተጀርባ ማን አለ?»

ጋሽ ተሰማ አልሰሙትም፣ ባለ መዳቡን ሃምሳውን ፍሬ በአሥራ ሁለት ዶላር እያስጠቀለሉ ነበር። እኔ ግን ሰማሁት። ደስታዬ ሁሉ ከእግሬ ስር ወጥቶ ሄደ። የሱቁን በር፣ ባንኮኒውን፣ ሌባው የሚቆምበትን ቦታ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ ከሱ በስተጀርባ ያለው የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለበት ስስ ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ አልጋው፣ አልጋው ላይ ጽጌና የሁለት ሳምንት ልጄ። ሬይ ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ሲሸኘን «ወንድሜ ካስትሮ ቫሊ ኮረብታ ላይ የከብት እርባታ አለው። ቅዳሜ ኑ፣ ሁለቱንም ተኩሰን እንይ። የስልክ ማውጫ በውሃ ዘፍዝፋችሁ አምጡ፤ ሥጋ እሱን ይመስላል» አለን።

ያን ሳምንት የኦክላንድ የስልክ ማውጫ ከዓይኔ አያመልጥም ነበር። ከጎረቤት፣ ከፀጉር ቤቱ፣ ከአከራያችን ለመንኩ፤ አሥራ አራት ሰበሰብኩ። የሚዘፈዘፉበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ በኛው የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደረደርኳቸው። ምን ዋጋ አለው፣ አራስ በየቀኑ በሙቅ ውሃ መታጠብ እንዳለባት ረሳሁት! እትዬ አስካለ ውሃውን አሙቀው ሲገቡ ገንዳው በወረቀት ተጨናንቆ፣ ውሃው ጥቁር ሆኖ አገኙት። «ደረጀ! ይሄ ምንድን ነው?» የሚለው ጩኸታቸው ሱቁ ድረስ ተሰማ። «ለጋሽ ተሰማ ሥራ ነው እትዬ» አልኩ። «ተሰማ የስልክ ማውጫ ሊያጥብ ነው?» ጽጌ አልጋው ላይ ሆና እየሳቀች ሆዷን ያዘች። ሳቋ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጣና የሚወርድ ሳቅ ነበራት። ስለ ሽጉጡ እንዳትሰጋ ብለን አልነገርናትም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ወይ የዚያ ጠዋት ማማር! ኮረብታው አረንጓዴ፣ ሰማዩ የታጠበ፣ ላሞቹ አጥር ላይ ተደርድረው ያዩናል። ሬይ የራሱን ሪቮልቨር አመጣ። ማውጫዎቹን ኮረብታውን ጀርባ አድርገን ደርድረን ውሃቸው እየተንጠባጠበ አቆምናቸው። ጋሽ ተሰማ ካፖርታቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡኝ፤ ያለ ካፖርት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፣ ቀጭን ሰው ናቸው ለካ። ባለ መዳቡን አጉርሰው አነጣጥረው ተኮሱ። ጆሮዬ ጭው አለ፣ የባሩዱ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፣ ላሞቹ ጭራቸውን ሰቅለው ሸሹ። ሮጠን ሄደን ብናይ ጥይቱ አሥራ አራቱንም ማውጫ በስቶ፣ ከኋላ የነበረውን ጣውላ ሰንጥቆ፣ አፈር ውስጥ ገብቷል። «አላልኩም?» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ይሄ ነው ጥይት!» ከዚያ ባለ ጉድጓዱ ተራ ሆነ። አሁንም ሮጥን፣ እንደ ልጅ! ማውጫዎቹን አንድ በአንድ እያነሳን ገለጥን፤ ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ውስጡ ጭቃ ሆኖ፣ መሀሉ ላይ አረሩ እንደ አበባ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። ጋሽ ተሰማ በሁለት ጣታቸው አንስተው ለብዙ ጊዜ አገላብጠው አዩት። «ደረጀ፣ ቆመ እኮ!» አሉኝ። «ቆመ ጋሼ!» ተቃቀፍን። የእድሜ ልክ ሃይማኖታቸውን እዚያው ቀየሩ፤ ሬይን እጁን ጨብጠው «ሰር፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሞኙ እኔ ነበርኩ» አሉት።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ሁላችንም ደስ ብሎን በተመለስን። እኔ ግን ሳልናገር በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይዤው የመጣሁት ነገር ነበር፤ ከሱቁ ጓሮ ያገኘሁት፣ ያ ግድግዳችን ሲሠራ የተረፈ ሁለት ቁራጭ ድራይዎል። የኛ ግድግዳ ማለት ይሄው ነው፤ ሁለት የጀሶ ገበታ፣ መሀሉ ባዶ። በማውጫዎቹ ፊት አቆምኩት። «ጋሼ፣ በዚህ በኩል ይሞክሩልኝ» አልኳቸው። አዩኝ፣ ገበታውን አዩት፣ ገባቸው። ባለ ጉድጓዱን ተኮሱ። አሁን ማንም አልሮጠም፤ ቀስ ብለን ሄድን። ጥይቱ ሁለቱን ገበታ እንደ ቅቤ አልፎ፣ ከኋላ ያሉትን ማውጫዎች ሁሉ በስቶ፣ ልክ እንደ ባለ መዳቡ ወደ ኮረብታው ገብቷል። ሬይ በካራ ቆፍሮ አወጣው። አልተከፈተም። ጉድጓዱ በነጭ ጀሶ ተጠቅጥቆ ተደፍኗል።

«ጀሶ ሲሞላው አይከፈትም» አለ ሬይ ቀዝቀዝ ብሎ። «ሌባን የሚጥል፣ ግድግዳ ግን የሚያቆመው ጥይት ልሸጥላችሁ አልችልም። ወይ ከወዲያ ያሉትን ሰዎች አንሡ፣ ወይ ራሳችሁ የምትቆሙበትን ቀይሩ።»

ጋሽ ተሰማ በመልሱ ጉዞ ካሴቱን አላስከፈቱም። ቤት ስንደርስ አልጋውን ወደ መስኮቱ እናዙር ብዬ ምክንያት ፈጥሬ ብጠይቅ እትዬ አስካለ «አራስ መስኮት ስር? አብደሃል?» ብለው አባረሩኝ። እንግዲያው ሱቁን እናዙረው አልን። ሁለት ቀን ዘግተን ባንኮኒውን ጎተትነው፤ ጋሽ ተሰማ የሚቆሙት ወደ ጎን ወደ ብሎኬቱ ግድግዳ ዞረው እንዲሆን፣ ገዢውም በብሎኬቱ በኩል እንዲቆም። ባለ መዳቡን ለሬይ መልሰው ባለ ጉድጓዱን ወሰዱ። ሽጉጡ መጣ። በየቅዳሜው ኮረብታው ላይ እየሄድን ይለማመዱ ነበር፤ ምን የመሰለ ተኳሽ ሆኑ መሰላችሁ! የባቄላ ቆርቆሮ ከሃያ እርምጃ አይስቱም። ባንኮኒው ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው ሲቆሙ ፊታቸው በራ፣ ጥፊውን የረሱ መሰለኝ።

ከዚያ ያ ቀን። ምሕረት ሁለት ወር ሞልቷታል። ከቀትር በኋላ ነው፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የቲማቲም ቆርቆሮ እደረድራለሁ። የሞተር ብስክሌት ሄልሜት ያጠለቀ ሰው ገባ። በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄደ። ቢራ የሚያነሳ መስሎን ነበር፤ ዞር ሲል ግን በእጁ የያዘው ሽጉጥ ነው። ያን ሁሉ ባንኮኒ ስንጎትት ይሄንን እንዴት አላሰብነውም! ሌባው የኛን እቅድ አያውቅም፤ ከብሎኬቱ ጋ ቁም ብንለውም አይቆምም። ከቀን መቁጠሪያው ስር፣ ጀርባውን ለዚያ ስስ ግድግዳ ሰጥቶ ቆመ። «መሳቢያውን ከረጢት ውስጥ ገልብጥና ወደዚህ ወርውር!» አለ። ወዲያው እኔን አየና ሽጉጡን ወደ መሰላሉ አዞረ። ለአንድ አፍታ ዓይኑ ከጋሽ ተሰማ ላይ ተነስቷል። እጃቸው ካፖርታቸው ውስጥ ገባ። የሽጉጡ እጀታ ብቅ ሲል በዓይኔ አየሁት። ሰባት እርምጃ አይሆንም፣ አይስቱትም፣ አውቃለሁ!

በዚያች ቅጽበት ከግድግዳው ወዲያ ጽጌ ሳቀች። ሊጠይቋት የመጡ ሴቶች ነበሩ፣ አንዷ ምን እንዳለቻት እንጃ፤ ያ የሚወጣና የሚወርድ ሳቋ በቀን መቁጠሪያው በኩል አልፎ ሱቁን ሞላው። ጋሽ ተሰማ ዓይናቸው ከሰውየው ትከሻ በላይ ወደ ግድግዳው ሄደ። እጃቸው ቀስ ብሎ ባዶውን ወጣ። መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩት። መሳቢያውን ከረጢቱ ውስጥ ገለበጡ፣ ሰዓታቸውን ፈትተው ጨመሩ፣ ወረወሩለት። ሰውየው በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ሳቀባቸው። ወጥቶ ሄደ።

እኔ ከመሰላሉ ወረድኩ ሳልል ወደቅሁ። እሳቸው በሩን እንኳ አልዘጉም፣ ፖሊስ እንኳ አልጠሩም፤ ወደ ግድግዳው ሄደው ሦስት ጊዜ አንኳኩ። መልስ የለም። ፊታቸው አመድ ሆነ። ማን ተኮሰና ነው? አንድም ጥይት አልተተኮሰም እኮ! ግን ያን ጊዜ እንደዚያ አይታሰብም። እንደገና ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ከዚያ በስንት ጭንቅ ሁለት ጊዜ ተመለሰላቸው፤ ለካ ልጅ እያጠባች ነው። የወተት ሳጥን ላይ ቁጭ ብለው ካፖርታቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ወድጄ አላውቅም።

ፖሊሱ መጣ፣ ሽጉጡን አየ። «ታጥቀው ሳለ ለምን አልተከላከሉም?» አላቸው። ጋሽ ተሰማ እንባቸውን ጠርገው ቀጥ አሉ፤ «ሰር፣ ከዚያ ግድግዳ ወዲያ አራስ አለች። ልጅቷ ገና ሁለት ወሯ ነው» አሉት። ፖሊሱ ሄዶ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፣ ባዶውን ድምፅ ሰማ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያገሬ ሰው ያውቀዋል። የአገሬ ሰው ምን ይምራል! በክርስትናው ድግስ ላይ ሳይቀር «ተሰማ ሽጉጡን ለጌጥ ነው የታጠቀው» እያሉ ቀለዱባቸው። እትዬ አስካለ ክርስትና እናት ሆነው ምሕረትን ታቅፈው ሳለ እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ፈገግ ይላሉ። ተነስቼ ልናገር ስል እጄን ያዙኝ። «ጽጌ እንዳትሰማ፤ አራስ ትደነግጣለች» አሉ። ሰማንያው ቀን አለፈ፣ ዓመቱም አለፈ፤ «አሁንማ ውለታ ይመስልባታል፤ ባየችኝ ቁጥር ልትሸማቀቅ ነው። ማልልኝ» አሉኝ። ማልኩ። ሽጉጡን ለሬይ መልሰው ሸጡለት። ቀልዱ ግን ዓመታት ተከተላቸው፣ አንድም ቀን አልመለሱለትም። ያቺ እንደ አበባ የተከፈተች አረር ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለች።

ካስትሮ ቫሊ ስንደርስ ምሕረት መኪናውን አቁማ ሞተሩን አጥፍታ መሪውን እንደያዘች ቀረች። ያ የተኮስንበት ኮረብታ ከመኖሪያው ጀርባ ይታያል፤ አሁን ግማሹ ቤት ሆኗል። «ዋይ ዲድንት ዩ ቴል ማም?» አለችኝ፣ ዓይኗ ሞልቶ። መሐላዬን ጠበቅሁ፣ ጽጌ ሳታውቅ ሄደች። አሁን ሳስበው መሐላው የገባኝ መስሎኝ ነበር እንጂ አልገባኝም ነበር፤ አንድ ቀን፣ አርጅተን፣ ሦስታችንም ባለንበት ብነግራት ኖሮ ያን ሳቋን ትስቅ ነበር። ይሄ ይቆጨኛል።

ጋሽ ተሰማ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ካፖርቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል። እኔን አዩኝ፣ አላወቁኝም፤ ምሕረትንም አላወቋት። «እንደምን አደሩ ጋሼ» አልናቸው፤ ለአክብሮት ያህል ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሩና ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ጆሯቸውን አዘነበሉ። ምሕረት ያንን ስታይ አፏን በእጇ ይዛ ክፍሉን ጥላ ወጣች፤ ኮሪደር ላይ ልታለቅስ ነው ብዬ ተውኳት። እንደገና ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ያ የአመድ ፊት መጣባቸው፣ ልክ የዚያን ቀኑ። ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ ሰማሁ፣ ምሕረት አሮጊቷን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ትለምናለች። ከዚያ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

ጋሽ ተሰማ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ትራሳቸው ላይ ደገፍ አሉና ዞረው አዩኝ፣ አሁን በደንብ አዩኝ።

«ደህና ናት» አሉ። «ደረጀ፣ ሱቁን ክፈተው።»